ስለ ጆጆባ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሽን ወይም ስለ ምዝገባ አይደለም። ስለ ቅባት ነው። «በዚህ ሁሉ መከራ መሀል ስለ ቅባት?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ግን ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ስለ ጆጆባ። «ጆጆባ እውነት ፊት ያቀላል ወይ?» የምትል አለች። «እህቴ ከጀርመን ልትልክልኝ ነው፣ ለሕፃን ልጄ ይሆናል ወይ?» የምትል እናት አለች። «ገበያ ላይ ጆጆባ ብለው የሸጡልኝ ፊቴን አቃጠለው፣ ምን ላድርግ?» ብላ ሌሊት ሰባት ሰዓት የጻፈችልኝም አለች። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ከመመለስ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ክሊኒክ ስትሄዱ ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ አስተረጉማለሁ። በዚያ ምክንያት የቆዳ ነገር ከጆሮዬ ጠፍቶ አያውቅም። እዚህ አገር ቆዳ ቀልድ አይደለም። በሚያዝያ ፀሐዩ ያነዳል፤ በክረምት ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ እስከ ጉልበት ይውጣል፤ በመስከረምና በጥቅምት ሰሊጥ አጨዳ ላይ እጃችን ይሰነጣጠቃል። ተረከዝ ይተረተራል፤ በተተረተረው ቁስል ይገባል። ስለዚህ ቅባት የቅንጦት ነገር ነው የሚል ሰው የእናቶቻችንን ተረከዝ ያላየ ነው።

መጀመሪያ ግን የአንዲት ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ። ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው፤ ስሟንና የምትኖርበትን አልጠቅስም።

ዕድሜዋ ሃያ አልሞላም። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ የሠርጓ ቀን ተቆርጦ ነበር። ያን ሰሞን ጓደኞቿ «ትንሽ ፊትሽ ቀላ ቢል» አሏት። ገበያ ላይ አንዲት ነጋዴ ክዳኑ ወርቅማ የሆነ ትንሽ ዕቃ አውጥታ «የጆጆባ ኸልጣ ነው፣ ከተፈጥሮ የተሠራ ነው፣ ምንም አያደርግሽም» ብላ ሸጠችላት። የከፈለችው የአምስት ቀን የአጨዳ ገንዘቧን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ብጉሯ ጠፋ፣ ፊቷ ጠራ። በሁለተኛው ሳምንት ያያት ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» ይላት ጀመር። ዕቃው ሲያልቅ ደግማ የምትገዛበት አልነበራትም፤ ተወችው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ፊቷ ቀላ፣ አበጠ፣ በርበሬ እንደነካው ይለበልባት ጀመር። ፀሐይ ሲነካት ታለቅሳለች። ሰሊጥ ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ቆባው ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል፣ ስለዚህ አሠሪው የታመመን ሰው ትቶ ሌላ ይቀጥራል። የዓመቱ ሥራ በዚያው አለፋት። ለሠርግ የተያዘው ገንዘብም ለመድኃኒት ሄደ።

ክሊኒክ አብሬያት ገባሁ። የጤና ባለሙያው ዕቃውን አገላብጦ አየው። ላዩ ላይ አበባ ተሥሏል። ከምን እንደተሠራ የሚል ጽሑፍ የለም፤ የፋብሪካ ስም የለም፤ የሚያበቃበት ቀን የለም። ውስጡ የቀረው ነጭ ክሬም ነው። «ይህ ጠንካራ የስቴሮይድ ክሬም ሲቋረጥ የሚመጣ ነገር ይመስላል» አለን። ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ ሁሉ «ጆጆባ ፊት ያቃጥላል» ይላል። ወገኖቼ፣ ጆጆባ ነጭ ክሬም አይደለም። ጆጆባ ፊት አያቀላም፤ ሲቋረጥም ፊት አያሳብጥም። ያ ዕቃ የጆጆባን ስም ለብሶ የተሸጠ ሌላ ነገር ነው። ችግራችን እዚህ ጋ ነው፦ ስሙን ሰምተን እንገዛለን፣ ውስጡ ያለውን አናውቅም።

እንግዲህ ጆጆባ ምን እንደሆነ እንወቀው።

ጆጆባ የበረሃ ቁጥቋጦ ነው። አገሩ ሶኖራ የሚባለው በረሃ ሲሆን የአሜሪካዎቹ አሪዞናና ካሊፎርኒያ ከሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ ጋር የሚገናኙበት ምድር ነው። ወንድና ሴት ዛፍ አለው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት። ፍሬው ቡናማ ነው፤ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። በዚያ በረሃ የኖሩት ኦኦዳም የሚባሉት ሕዝቦች ፍሬውን ወቅጠው ለቁስል፣ ለቆዳና ለፀጉር ይቀቡት ነበር፤ ጆጆባ የሚለውም ስም ከእነሱ ቋንቋ የመጣ ነው። የሳይንስ ስሙ ሲሞንድሲያ ቺኔንሲስ ይባላል፤ ሁለተኛው ቃል «የቻይና» ማለት ነው። ዛፉ ግን ከቻይና ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ከካሊፎርኒያ የመጣው ናሙና ከቻይና እንደመጣ ተደርጎ በስህተት ተመዝግቦ ነው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ስማችንና የትውልድ ቦታችን በወረቀት ላይ ስንት ጊዜ ተሳስቶ እንደተጻፈ የምናውቅ እኛ ለጆጆባ ልናዝንለት ይገባል!

አንዳንዶቻችሁ «ጆጆባ ማለት ይሄው ናበቅ አይደለም ወይ?» ብላችኋል። አይደለም። ናበቅ እኛ ገባ ወይም ቁርቁራ የምንለው እሾሃሙ ዛፍ ነው፤ ፍሬውን ልጆች ለቅመው ይበሉታል። የናበቅ ወገን የሆነ ጁጁብ የሚባል ፍሬ ስላለ ስሙ ተቀራርቦ ነው ያደናገራችሁ። ጆጆባ ግን አይበላም። ሰውነታችን ዘይቱን መፍጨት ስለማይችል የዋጠው ሰው ተቅማጥ ይይዘዋል።

ጆጆባ በዓለም ገበያ የታወቀው በዓሣ ነባሪ ምክንያት ነው። ድሮ ስፐርም ከሚባለው ዓሣ ነባሪ የሚወጣው ዘይት ለማሽን ማለስለሻም ለመዋቢያም ይፈለግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ እንስሳው ከምድር እንዳይጠፋ ብላ ያ ዘይት ወደ አገሯ እንዳይገባ ከለከለች። ምትክ ሲፈለግ የሁሉም ዓይን ወደዚህ ቁጥቋጦ ዞረ፤ ምክንያቱም የፍሬው ዘይት ከዓሣ ነባሪው ዘይት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ዛሬ በግብፅ፣ በእስራኤል፣ በአርጀንቲናና በሌሎች ደረቅ አገሮች ይለማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዘይት እንለዋለን እንጂ ጆጆባ በትክክለኛው ቋንቋ ፈሳሽ ሰም ነው። የሰሊጥ፣ የኑግ፣ የሱፍ፣ የወይራ ዘይት ሁሉ አሠራራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የጆጆባ የተለየ ነው። የሰው ቆዳ ራሱ የሚያወጣው ወዝ ደግሞ ሩብ ያህሉ ከዚሁ ከሰም ወገን ነው። ጆጆባ «ከቆዳችን ወዝ ጋር ይስማማል» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ የነጋዴ ወሬ ብቻ አይደለም። ከዚህ ባሕርዩ ሦስት ጥቅም ይመጣል።

አንደኛ፣ ቀላል ነው፤ ፊት ላይ ተጎልቶ አይቀመጥም፣ የወዝ ቀዳዳም ብዙ አይደፍንም። ስለዚህ ብጉር ላለበት ሰው ከከባድ ቅባት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ቶሎ አይበላሽም። ሌላ ዘይት በዚህ ሙቀት በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ወራት ሲቀመጥ ይሻግታል፣ ይሸታል። ጆጆባ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

ሦስተኛ፣ የቆዳን እርጥበት ይይዛል።

ይህን ሦስተኛውን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ቆዳችንን እንደ ድንጋይ ካብ ቤት አስቡት። ድንጋዮቹ የሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ናቸው፤ በድንጋዮቹ መሀል ያለው ጭቃ ደግሞ ስብ ነው። ጭቃው ደህና ከሆነ የውስጡ ውኃ አይወጣም፤ የውጭ ጀርምም አይገባም። የልብስ ሳሙና፣ ፀሐይ፣ ነፋስና አቧራ ጭቃውን አጥበው ይወስዱታል። ያኔ ቆዳ ይነጣል፣ ያሳክካል፣ ይሰነጠቃል። ቅባት ማለት የተቦረቦረውን ግድግዳ መለሰን ማለት ነው። ቅባቱ ራሱ ውኃ አይሰጥም፤ ያለውን ውኃ ነው የሚያግድ። ለዚህ ነው ደረቅ ቆዳ ላይ የተቀባ ውድ ዘይት እርጥብ ቆዳ ላይ የተቀባ ርካሽ ቅባት ያህል የማይሠራው።

አሁን ጆጆባ የማያደርገውን ልንገራችሁ፤ ገንዘባችሁ የሚያልቀው በዚህ በኩል ነውና።

ጆጆባ ፊት አያቀላም። ጠይሟን ቀይ የሚያደርግ ምንም ነገር በውስጡ የለም። ፀሐይ አይከላከልም፤ ተቀብታችሁ አጨዳ ብትወጡ ያው ናችሁ፤ ሻሽና ባርኔጣ ይበልጣል። እከክና ጭርት አያድንም። የለቀቀ ፀጉር አያበቅልም፤ ያለውን ያለሰልሳል እንጂ። የድሮ ጠባሳ አይፍቅም። «በሳምንት ውስጥ ለውጥ ታያላችሁ» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ሌላ ነገር ቀላቅሎበታል።

እውነተኛውን እንዴት እንለያለን ለምትሉ፦ እውነተኛ ጆጆባ ወርቅማ ፈሳሽ ነው፤ የተጣራው ግን ቀለም ላይኖረው ይችላል። ሽቶ ካልተጨመረበት ሽታው እምብዛም ነው። ጠርሙሱን በረዶ ውስጥ ብታስቀምጡት ይረጋል፤ ከበረዶው ስታወጡት ተመልሶ ይፈሳል። ግን የወይራ ዘይትም በብርድ ስለሚወፍር ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የሻገተ ዘይት ከሸተተ ግን ሌላ ዘይት ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ነጭ ክሬም ከሆነና «ጆጆባ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈበት፣ ውስጡ ጆጆባ ቢኖርም ጠብታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ደግሞም አልፎ አልፎ ጆጆባ የማይስማማው ሰው አለ፤ ስለዚህ ማንኛውንም አዲስ ቅባት መጀመሪያ ክንድ ላይ በትንሹ ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ።

እሺ፣ እውነተኛው ተገኘ እንበል። አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ የስንት ቀን ጉልበት ነው? ለእሱ ብሎ የልጆቹን ዱቄት የሚሸጥ ሰው እንዳለ አይቻለሁ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የተቀመጥነው በሰሊጥ መሀል ነው!

እኔ ያደግሁት መተማ ነው። ከመተማ ዮሐንስ ድልድዩን ስትሻገሩ ገላባት ናችሁ፤ አፈሩ አንድ፣ ሰሊጡ አንድ። ገዳሪፍ ደግሞ የሱዳን ሰሊጥ ዋና ገበያ ነው፤ በመኸር ወቅት የጨረታው ግቢ በጆንያ ይሞላል። ግመል ዓይኑ ተሸፍኖ እየዞረ የሚጨምቀውን ዓሳራ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። እንደዚያ ያለ እሳት ሳያገኘው የተጨመቀውን ንጹሕ ዘይት ሱዳኖች ዘይት ወለድ ይሉታል። የሱዳን እናቶች ለፀጉር የሚሠሩት ከርከር የሚባለው ቅባትም ከሰሊጥ ዘይትና ከከብት ስብ በቅርንፉድና በብርቱካን ልጣጭ ተዓሽቶ ነው። ዓረብ ጎረቤቶቻችን ውጭ አገር ያለ ጠርሙስ ሳይጠብቁ ስንት ዘመን ቆዳቸውን ጠብቀው ኖረዋል። እኛም አገር ቤት ለጋ ቅቤ፣ የኑግና የጉሎ ዘይት ነበረን።

የሰሊጥ ዘይት እንደ ጆጆባ ሰም አይደለም፤ ትንሽ ይከብዳል፣ ሽታም አለው። ግን ቆዳ ለግድግዳው የሚፈልገው ሊኖሌይክ የሚባለው ስብ በብዛት አለበት፤ በተፈጥሮው መበላሸትን የሚከላከል ነገር ስላለውም ከብዙ ዘይቶች የተሻለ ይቆያል። ለእጅ፣ ለእግር፣ ለክርንና ለፀጉር ይበቃል። ፊቱ ብጉር የሚያወጣ ሰው ፊቱ ላይ ባይቀባው ይሻላል። ሰሊጥ ስትበሉ አፋችሁን የሚያሳክካችሁ ደግሞ አትንኩት። ምግብ የተጠበሰበትን ዘይት ለቆዳ አታውሉ።

ተራው ሽታ የሌለው ቫዝሊንም አለ። ውኃ በማገድ ከሁሉም ይበልጣል፤ ከጆጆባም ይበልጣል። ርካሽ ነው፣ አይሻግትም። «የድሃ ቅባት» ብላችሁ አትናቁት።

አጠቃቀሙን ላሳጥረው። ስትታጠቡ ለገላ በተሠራ ሳሙና ታጠቡ፤ የልብስ ሳሙና ለልብስ ነው። በጨርቅ ነካ ነካ አድርጋችሁ አድርቁ፣ አትፈትጉ። ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ በሁለት በሦስት ደቂቃ ውስጥ ጥቂት ቅባት ቀቡ። ተረከዙ የተሰነጠቀ ማታ ለሩብ ሰዓት ለብ ባለ ውኃ ይዘፍዝፍ፣ ይቀባ፣ ካልሲ አድርጎ ይተኛ። ይህን አሥር ቀን ሳያቋርጥ የሞከረ ልዩነቱን ያየዋል።

«ይህን የመሰለ ተራ ነገር ምን ይጠቅማል?» ለሚል አገር ቤት የሆነውን ላስታውስ። በጎጃምና በሌሎች ደጋ አካባቢዎች ያለውን የእግር እብጠት፣ ብዙዎቻችን የዝሆን እግር የምንለውን፣ ታውቁታላችሁ። ሰው እርግማን ነው፣ በዘር ነው፣ መርገጫ ነው እያለ ስንቱን አግልሎታል። በእነዚያ ደጋዎች ያለው ዓይነት ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ የሚያመጣውም በባዶ እግር ለረጅም ዘመን ቀይ አፈር መርገጥ ነው። የአፈሩ ረቂቅ ማዕድን በቆዳ ገብቶ ያሳብጣል። በምሥራቅ ጎጃም በሽተኞች ላይ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ሕክምናው ምን ነበር? እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ። ይህን ያደረጉት ሰዎች ትኩሳትና ሥቃይ እያመጣ የሚያገረሸው ሕመም ቀነሰላቸው። ውድ ጠርሙስ አላስፈለገም። ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ፣ በየቀኑ። እኔ ይህን ለእናቶች ስተረጉም «ይኸው ነው? ይኸንንማ እኛም እናደርገዋለን» አሉኝ። አዎ፣ ይኸው ነው።

ወደ ከባዱ ነገር ልመለስ፤ ፊት ስለሚያቀሉት ኸልጣዎች።

በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሦስት ናቸው። አንዱ ጠንካራ ስቴሮይድ ነው፤ መጀመሪያ ያሳምራል፣ በኋላ ቆዳን እንደ ወረቀት ያሳሳል፣ ደም ሥር ያወጣል፣ ሲቋረጥ ያቃጥላል። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው፤ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ የሸሹትን ጥቁረት ሰማያዊ አስመስሎ ይመልሳል፣ ያም በቀላሉ አይለቅም። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ ከሁሉ የከፋው። በቆዳ ገብቶ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። እናት ተቀብታ ልጇን ስታቅፍ፣ በአንድ ፎጣና በአንድ ትራስ፣ ለልጁ ይተርፋል፤ በማኅፀን ላለውም ይደርሳል። ሚናማታ የሚባለው የዓለም ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ ቀነ ገደብ የተቀመጠላቸው 2020 ነበር። በድንበር ገበያ ግን ሕግ ዘግይቶ ይደርሳል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ ደግሞ በየገበያው የሚገባውን ዕቃ ማን ይቆጣጠረዋል?

ስለዚህ እነዚህን ምልክቶች ያዙ። የተሠራበት ነገር ዝርዝር የሌለው፤ በነጋዴ እጅ ከትልቅ ዕቃ ተቀንሶ የተሞላ፤ «በሳምንት ያቀላል» የሚል፤ «ወርቅና ብር እንዳይነካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያለበት፣ ይህኛው የሜርኩሪ ምልክት ነው። ጽሑፍ ካለው እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ያንብብላችሁ፤ ሜርኩሪ፣ ካሎሜል፣ ክሎቤታሶል፣ ሃይድሮኪኖን የሚል ካለበት አትንኩት። እየተቀባችሁ ያላችሁ ደግሞ አትፈሩ፣ አትፈሩም፤ ዕቃውን ሳትጥሉ ይዛችሁ ክሊኒክ ሂዱ። ለወራት የተቀባ ስቴሮይድ በባለሙያ ምክር ቀስ እያሉ የሚተውበት መንገድ አለ። ሎሚ ፊት ላይ ቀብታችሁ ፀሐይ መውጣትም ይቅርባችሁ፤ ቆዳ አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ለእናቶች ሦስት ነገር ልጨምር። አራስ ልጅ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ባይታጠብ ይሻላል፤ ላዩ ላይ ያለው ነጭ ነገር የራሱ ቅባት ነው፣ ፈጣሪ ቀብቶ የላከው ነው። እትብቱ ላይ ቅቤም ዘይትም ጆጆባም አይደረግ፤ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፣ ክሊኒክ የሚሰጠው መድኃኒት ካለ እሱ ብቻ። ሁለተኛ፣ ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መሀልና በወገብ የሚወጣ፣ ቤተሰቡን ሁሉ የሚያሳክክ ነገር እከክ ነው። ቅባት አይነካውም፤ መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ የማያሳክከውም ጭምር ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን መቀባት አለበት፣ ልብስና አንሶላውም በፈላ ውኃ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ሦስተኛ፣ ልጅ በከሰል ወይም በሻይ ሲቃጠል ዘይት፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና አታድርጉበት። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለሃያ ደቂቃ አፍስሱበት፣ ከዚያ ወደ ክሊኒክ።

ውጭ አገር ላላችሁ ዘመዶቻችን አንድ ቃል አለኝ። ልባችሁን እናውቃለን፤ ከራሳችሁ ቀንሳችሁ እንደምትልኩ እናውቃለን። እህታችሁ ጆጆባ ብትላችሁ መጀመሪያ «ለምን ፈለግሽው?» ብላችሁ ጠይቋት። እጇ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ያንኑ ገንዘብ ላኩላት፤ ገላ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ የሰሊጥ ዘይትና ለልጆቿ ጫማ ትገዛበታለች። ለመቅላት ከሆነ ግን ከገንዘቡ በፊት ቃላችሁ ያስፈልጋታል። ፎቶዋን ስታዩ «ጠቆርሽ፣ ተጎሳቆልሽ» አትበሏት። እኛ እዚህ ፀሐይ ላይ ነን፤ መጥቆራችን ሠርተን መብላታችን ነው። እናንተም በስልክ አንጽታችሁ የምትለጥፉት ፊት እዚህ ያለችው ልጅ የምትመኘው መስታወት መሆኑን አስቡ። እውነተኛ ጆጆባ ልትልኩ ከወደዳችሁም ላኩ፤ ደግ ቅባት ነው። ግን ከነዋናው ጠርሙሱ፣ ከነጽሑፉ ይሁን፤ ከምን እንደሆነና ከምን እንዳልሆነም ንገሯት።

ለወንዶቹም እላለሁ። «ቀይ ናት ወይ?» ብላችሁ የምትጠይቁ እናንተ ናችሁ። ያቺ ልጅ ወደዚያ ዕቃ የሄደችው ብቻዋን አይደለም፤ ሁላችንም በምላሳችን ገፍተናታል። እጮኛዋ ግን የሰው ልጅ ነው፤ ፊቷ ቆስሎ እያለ በየቀኑ እየመጣ ከእናቷ ጋር ተቀምጦ ቡና ይጠጣ ነበር። ሠርጉ ተራዘመ እንጂ አልቀረም። ፊቷም ቀስ በቀስ እየዳነ ነው፤ እንደ ድሮው ጠይም፣ እንደ ድሮው ቆንጆ።

እኛ ቤታችንን፣ መሬታችንን፣ ሥራችንን ትተን ነው ድንበር የተሻገርነው። ይዘን የወጣነው አካላችንን ነው። ይህ ቆዳ ከሁሉ በኋላ የቀረን ቤት ነው፤ ግድግዳው እንዳይፈርስ እንጠብቀው፣ ቀለሙን ግን አንቀይረው።

ጽሑፉን ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። ፌስቡክ ለሌላቸው በዋትሳፕ አድርሱላቸው። አጠራጣሪ ዕቃ ያላችሁ ፎቶውን ከፊትና ከኋላ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ በላዩ የተጻፈውን ተርጉሜ እመልስላችኋለሁ፤ ስማችሁ ከእኔ አይወጣም። ክሊኒክ ብቻዬን መሄድ እፈራለሁ የምትል እህትም ትጻፍልኝ፤ አብረን እንሄዳለን።

ቸር ያሰማን።